ሰዓቱን የማያይ ሰው

ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ጡረታ እንደወጣሁ ሰሞን በጠዋት እነሳና መሄጃ አጣ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ስጣደፍ ኖሬ በአንድ ቀን ጊዜ ተረፈኝ። ከበደኝም። በበጎ ፈቃድ እንዳገለግል ወደ ሆስፒስ የወሰደችኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው ሞት የሚጠበቅበት ቤት ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሥራው ግን በሽታው የማይድን ሰው የቀረችውን ዕድሜ ሳይሰቃይ እንዲኖራት ማገዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበሩ። ሕመም የአካል ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭንቀቱም ብቸኝነቱም አብሮ እንደሚያም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። መድኃኒቱን ሐኪሞችና ነርሶች ይዘውታል። ለብቸኝነቱ ግን ሰው ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የተመደብኩት አንድ አዛውንት ጋ ነው። ዝምታው ስላስፈራኝ ወሬ አበዛሁ። «አይዞዎት፣ ይድናሉ» ሁሉ አልኳቸው። እጄን ያዙና «ተወው ወንድሜ፤ ዝም ብለህ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ከንፈራቸው ደርቋል። ነርሷ እንዳሳየችኝ ትንሿን ስፖንጅ ውሃ ነክሬ አረጠብኩላቸው። ልጃቸው ጥግ ላይ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ስንት ሌሊት እንዳልተኛች እንጃ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ስወጣ አዛውንቱ ቀስ ብለው «አንተ ሰዓትህን አታይም» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

«እኔ አልችለውም፣ አለቅሳለሁ» የምትሉ አላችሁ። ታለቅሳላችሁ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ብቻችሁን አትተዉም። አስቀድሞ ሥልጠና አለ። የሚያስተባብሩን ሰዎች ደውለው እንዴት ነህ ይላሉ፤ ሲከብዳችሁ ታርፋላችሁ። በቅርቡ ሐዘን የደረሰባችሁ ደግሞ እባካችሁ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ፤ ሥራው የትም አይሄድም። መርፌ መውጋት፣ ኪኒን መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። የሰማነውን የሰው ምስጢር ግን ይዘን መቅረት አለብን፤ በዚህ ቀልድ የለም።

አልጋ አጠገብ መቀመጥ የማይሆንለትም ሰው ቦታ አለው። መኪና የሚነዳ ታማሚ ያመላልሳል፤ ሒሳብ የሚያውቅ መዝገብ ይይዛል፤ ስልክ የሚያነሳም ያስፈልጋል። በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል።

ነገ ከሰዓት ተረኛ ነኝ። መጠየቅ የሚፈልግ ካለ፣ ስንጨርስ በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። አመሰግናለሁ።