«ወጣ?»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት ዝግጅት ያልነበረው ታምሜ አይደለም፤ ይህን ጉዳይ ሳላነሳ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስላቃተኝ ነው። «ሰማያዊቷ ተነሳች?» እያላችሁ ስለ አባቴ ቮልስ በየሳምንቱ ለምትጠይቁኝ ዛሬም መልሴ «አልተነሳችም» ነው። ሆኖም በዚህ ጊዜ ካርቡሬተሩም ሆነ ያ ስሙን ማንሳት የማልፈልገው የነዳጅ ፓምፕ ምክንያት አይደሉም። ጉዳዩ የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ነው፤ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ ብረት፣ የድሮ መካኒኮች «ፑሌጃ» የሚሉት። እሱም ወጥቷል። እንቅልፍ የነሳኝ አወጣጡ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ አጠገብ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ አለች። መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ክብደቷ አይሰማኝም። አንዱ ፊቷ በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል፤ የተሰበረችበት ፊት ግን ንጹሕ ግራጫ ሆኖ ወደ መብራት ሳዞረው እንደ ጨው ይብረቀረቃል። ማግኒዥየም ናት። እመለስባታለሁ፤ ለጊዜው ኪሴ ውስጥ ልክተታት።

ነገሩ የጀመረው ከፑሊው ሥር በሚንጠባጠብ ዘይት ነው። ከዝናቡ በኋላ የግቢው ሲሚንቶ ላይ የሳህን ስፋት ያለው ጥቁር ክብ አየሁና ሞተሩ ሥር ተጋደምኩ። የቮልስ ሞተር እዚያ ቦታ ላይ ዘይት የሚያግድ ጎማ የለውም። በጎማው ፋንታ የፑሊው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቦይ ተቀርጿል፤ ሞተሩ ሲዞር ያ ቦይ ሊያመልጥ የሚሞክረውን ዘይት እየጠረገ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ዘይቱን የሚያግደው ዙረቱ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም እገረማለሁ። ቦዩ በዘመናት ጭቃ ተደፍኖ ይሆናል፣ ፑሊውን አውጥቼ ላጽዳው ብዬ ተነሳሁ። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም፤ ዛሬም ስህተት ነበር አልልም።

ይህን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የሚያስቸግረው ብሎኑ ይመስለዋል። ብሎኑ ግን አላስቸገረም። ማርሹን አራተኛ ላይ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ በ30 ቁጥር ቡሶላ አንድ ጊዜ ገፋ ባደርገው ተፈታ። ሲታሰርም የሚጠብቀው ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በሌላው ጫፍ ፍላይዊሉን የያዘው የ36 ቁጥር ብሎን ግን ወደ 340 ይደርሳል። ፑሊውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አንድ አካል ያደረገው ዝገት ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ በሁለቱ መካከል እርጥበት ያስገባሉ፤ እርጥበቱ ብረቱን ይበላል፤ ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያችን የፀጉር ያህል ክፍተት ሞልቶ ያጨናንቃታል።

በዚህ ዝግጅት «ጋሼ» እያልኩ የማነሳቸው፣ ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መካኒክ፣ ሐሙስ ማታ መጥተው አዩት። በጣታቸው ጠርዙን ነካ ነካ አደረጉና ማታ ማታ ዘይት አጠጣው፣ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን በእርጋታ ምታው፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት አትንካው አሉኝ። «ዘይቱ ይሥራ፤ አንተ ተኛ» ነበር ያሉት። ይህን ቃል በቃል የማስታውሰው ስላልታዘዝኩት ይመስለኛል።

አልተኛሁም። አርብ ዕለት ለፑለር፣ ለመንቀያ መሣሪያው፣ ብዬ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ለዚህ ፑሊ የሚሆነው በፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ የሚይዝና መሐሉ ላይ ባለው ብሎን የክራንክ ሻፍቱን አፍ እየገፋ ቀጥ አድርጎ የሚስበው ነው። ያገኘሁት ግን ጠርዝ የሚይዝ ባለ ሦስት ጥፍር ብቻ ሆነ። የፑሊው ጠርዝ ስስ ነው፤ በጥፍር ከተሳበ ይጣመማል። የተጣመመ ፑሊ ቺንጋ ይጥላል፤ ቺንጋው ደግሞ ጄኔሬተሩን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ጭምር ስለሚያዞር፣ ቺንጋ የጣለች ቮልስ ካልቆመች ሞተሯን ታቃጥላለች። በዚያ ላይ ጠርዙ ላይ የኢግኒሽን ሰዓት፣ ማለትም ነዳጁ የሚቀጣጠልበት ቅጽበት፣ የሚስተካከልበት ጭረት አለ። ስለዚህ የገዛሁትን ፑለር ከነመጠቅለያው አስቀመጥኩት። ተጠንቅቄ ነበር። ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴን ነጻ ለማውጣት መሆን አለመሆኑን እንጃ፤ ግን እውነት ነው፣ ለፑሊው ተጠንቅቄ ነበር።

ለእሳትም ተጠንቅቄአለሁ። ጎረቤታችን ያለው በያጅ ልጅ፣ ቅን ልጅ ነው፣ ኦክስጅኑን እየገፋ መጥቶ «ላግለው፣ በአንድ ደቂቃ ይለቃል» ሲለኝ በሩ ላይ መለስኩት። ከፑሊው ጀርባ ያለው ክራንክኬዝ፣ የሞተሩ አካል፣ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል፤ ይህንን ሞተር አራት ማሰሪያ ፈትተው በክሪክ ሁለት ሰው ሆኖ ማውረድ የሚቻለውም በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ቮልስዋገን በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቅ የማግኒዥየም ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። ሆኖም የማግኒዥየም ብናኝ እሳት ከያዘው በውኃ አይጠፋም፣ ይብሳል። ለልጁ ይህን ሁሉ ሳስረዳው ብታዩኝ እንደ መምህር ነበርኩ። ከእሳት ያዳንኩትን አካል ግን በማግስቱ በእጄ ሰበርኩት።

ቅዳሜ ዕለት አባቴ ደህና ውለው ነበር። ሁኔታቸውን ታውቃላችሁ፤ ያን ዕለት ግን ራሳቸው ጠይቀው ወንበር ወጣላቸውና በረንዳው ላይ፣ ከመኪናዋ ሦስት ሜትር ርቀው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ። መኪናዋን የገዙት በ1966 ዓ.ም ነው፤ በየካቲት የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ በመቱበት ዓመት። ያኔ ሰው ሁሉ «መኪና የሚሸጥበት እንጂ የሚገዛበት ጊዜ ነው?» ብሏቸው እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከልም ሰዎች ለእኔ ያንኑ አሉኝ፤ እሳቸው ግን ምንም አላሉም። መኪናዋን ከገዙበት ዓመት ጀምሮ ይህን ሞተር ያወረዱትም፣ የከፈቱትም፣ መልሰው የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጆሯቸው ከብዷል። እኔ የፈለግሁት ወንበሩ ላይ እንዳሉ ፑሊው ሲወጣ እንዲያዩ ነበር። ጋሼ ያሉት ሳምንት ደግሞ ለአባቴ ረጅም ነው፤ ደህና የሚውሉበትን ቀን ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ያችን ቅጽበት ልንገራችሁ። በቀኝ በኩል ትልቁን ካቻቢቴ፣ በግራ በኩል አጠር ያለ ፌሮ ከፑሊው ጀርባ አስገባሁ። ሁለቱም የተደገፉት ክራንክኬዙ ላይ ነው። አውቀው ነበር። ጨርቅ አጥፌ ከካቻቢቴው ሥር አድርጌአለሁ፤ ከፌሮው ሥር ግን ጨርቁ ወድቋል፣ መውደቁንም አይቻለሁ፣ ለማንሳት እጄን መልቀቅ ነበረብኝና አላነሳሁትም። ቀስ ብዬ ገፋሁ። ፑሊው የወረቀት ውፍረት ያህል የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ደግሜ ገፋሁ። ያኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ «ቀጭ» የሚል፣ ደረቅና አጭር፣ ሸንኮራ ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ። ዝገት ሲለቅ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው፤ እሱ «ጧ» ይላል፣ ብረት ለብረት። ይህ ግን «ጧ» አልነበረም፤ እኔም ያንጊዜውኑ ለይቼዋለሁ። ጆሮዬ ለይቶ እያለ እጄ ግን አላቆመም። ምናልባት ግማሽ ሰከንድ ነው፣ ምናልባትም ከዚያ ያንሳል፤ በዚያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ግን የተሰበረውን አካል ተደግፌ መግፋቴን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ፑሊው «ጧ» ብሎ ደረቴ ላይ የወጣው። ስባሪዋም ሲሚንቶው ላይ ሁለት ጊዜ ነጥራ ጉልበቴ አጠገብ ቆመች።

በዚህ ጊዜ አባቴ ከበረንዳው «ወጣ?» አሉኝ።

«ወጣ፣ አባባ» አልኳቸው። ይህን ስል ቀኝ እጄ ስባሪዋን አንስቶ ኪሴ ከቷት ነበር። እንዲከታት ያዘዝኩት አይመስለኝም፤ ግን እጄ የራሴ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመላለስብኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው። ጆሯቸው ለከበደ ሰው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ «ቀጭ» የምትለውን ድምፅ መስማት ይከብዳል፤ «ጧ» የሚለውን ሰምተው ፑሊው መውጣቱን ጠየቁ ብል ያስኬዳል። ነገር ግን ያን ሞተር እንደ ልጃቸው ሳል የሚለዩት ሰው ናቸው። «ወጣ?» ያሉኝ እውነቱን የምናገርበት በር ሊከፍቱልኝ ቢሆንስ? አላውቅም፤ ስለማላውቅም እሳቸው በዝምታ ሻይ ሲጠጡ ሳይ ዝምታቸውን ሁሉ እንደ መልስ እተረጉመዋለሁ። ይህ ደግሞ ለእሳቸውም ትክክል አይደለም፤ ሰው ዝም ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይችላልና።

ጉዳቱ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም። የተቆረሰው የፑሊው አንገት የሚገባበት ክብ የውጭ ጠርዙ ነው። ቦዩ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በዚያ ክብ ግድግዳ እየታገዘ ስለሆነ፣ ግድግዳው በጎደለበት ልክ ዘይቱ መውጫ ያገኛል። ምናልባት ጠብታ፣ ምናልባት ከበፊቱ የባሰ። በአርጎን የሚበይድ ሰው መፈለግ ይቻላል፤ ክቡን አስፍቶ የጎማ ማኅተም ማስገባትም አለ፤ ጋሼ ደግሞ ሲያዩት ብዙ ዝም ብለው «ተነስታ ትታይ» ብቻ አሉ። ስባሪዋን ቦታዋ ላይ ሳስቀምጣት ትገጥማለች። መስመሩ እንኳን አይታይም። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሦስት ጊዜ ገጥሜ አይቻታለሁ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ «እስቲ ያን ፑሌጃ አምጣው» አሉኝ። አጽድቼው ስለነበር ቦዩ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና በአውራ ጣታቸው ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት፤ ያችን ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ቁልፍ የምትቀመጥበትን ስንጥቅ ዳሰሱ፤ ጠርዙን ወደ ዓይናቸው አንስተው ቀጥ ማለቱን አዩ። «ደህና ነው» አሉ። ደስ አለኝ፤ ለአፍታ በእውነት ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ሌላውስ?» አሉኝ።

ቺንጋውን ማለታቸው ይሆናል ብዬ ቺንጋውን አመጣሁላቸው። ተቀብለው እሱንም በጣታቸው መካከል አሳልፈው አዩት፤ ከዚያ ከፑሊው ጋር ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ተዉት።