የፌሮው ነገር፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሱፐርናቹራል የቴሌቪዥን ድራማ ወዳጆች ማኅበራችን አባላት፣ ከቨርጂኒያና ከባልቲሞር ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ! አዳራሹን በቅናሽ ላከራዩን፣ ቡናውንና ድፎ ዳቦውን ላሰናዱልን እናቶች፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩ ልጆቻችን በሥራ አስፈጻሚው ስም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ለዋዜማው ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ እንዳላችሁ ስለማውቅ አላንዛዛም።

በዓመቱ የተሠራውን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ክትባቱ ከመጣ ወዲህ ወርኃዊው ፕሮግራማችን ከዙም ወጥቶ ወደዚህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሷል። ለአዲስ አባላት የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በአማርኛ እያብራራን አሳይተናል። ሐዘን የደረሰባቸው አባሎቻችን ቤት ሄደን ተቀምጠናል። መተዳደሪያ ደንቡ ታትሟል። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ መሥራት ነበረብን፣ አልሠራንም። ለምን እንዳልሠራን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የመጣችሁት ለምን እንደመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ የቀሩትም ለምን እንደቀሩ ያውቃሉ።

እንግዶች ስላሉን ከሥሩ ልጀምር። ሱፐርናቹራል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ጀምሮ 15 ምዕራፍ፣ 327 ክፍል የዘለቀ ድራማ ነው። ዲንና ሳም ዊንቸስተር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1967 ሞዴል ኢምፓላ አሜሪካን እየዞሩ ጋኔን ያሳድዳሉ። የመጨረሻው ክፍል የታየው ኅዳር 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ማታ ነው። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ይህ ማኅበር ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ፣ ሦስት ወገንና ግማሹን ያጣ ካዝና ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን በኩራት ልናገር። ይህንን ድራማ ለማየት ከእኛ የተሻለ ዝግጅት ያለው ተመልካች የለም። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የቤተሰቡን ሕይወት የሚያመሰው ባለ ቢጫ ዓይኑ ጋኔን አዛዜል ይባላል። ሌላው ተመልካች ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ነው ያገኘው። እኛ ግን ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ኩል መኳልን ለሰው ልጅ ያስተማረው አዛዝኤል ማን እንደሆነ ከመጽሐፈ ሄኖክ እናውቃለን፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ነው። ሳምና ዲን ጸበል ሲረጩ የሚገርመው ፈረንጅ ነው። የእኛ እናቶች «ውኃው አነሰ» ነው የሚሉት።

ጠብ ደግሞ ለዚህ ማኅበር አዲስ አይደለም። በአምስተኛው ምዕራፍ ቅዱስ ሚካኤልን ያን የመሰለ ጨካኝ ሲያደርጉት እዚህ ቤት ምን እንደተባለ ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የ14ኛው ምዕራፍ መዝጊያ ላይ፣ እግዚአብሔር ነው የተባለው ያ ቸክ የሚሉት ደራሲ ጠላት ሆኖ ብቅ ሲል አንዲት እናታችን ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጆቼ፣ እኔ በአምላኬ ሲቀለድ ቁጭ ብዬ አላይም» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መርቀውን ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍል አላዩም። መዋጯቸውን ግን ወር ሳይዘሉ ይከፍላሉ፣ ዛሬም ድፎውን የጋገሩት እሳቸው ናቸው። መለያየት እንዲህም ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

የአሁኑ ጠብ እንዴት መጣ? ጥቅምት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የመጨረሻው ምዕራፍ 18ኛው ክፍል ታየ። ካስቲየል የሚባለው መልአክ ዲንን እንደሚወደው ተናገረ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ «ባዶው» የሚሉት ጨለማ ዋጠው። ያን ማታ የነበረውን አስታውሱ። እዚህ አሜሪካ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ድምፅ ገና እየተቆጠረ ነው። አገራችን ላይ ጦርነት ከተጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በዙሙ ላይ ካሜራቸውን ዘግተው መቀሌ የሚደውሉ፣ መስመር ያጡ አባላት ነበሩን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ አገር ጉዳይ አፍ አውጥተን መነጋገር ያቃተን ሰዎች ስለ ካስቲየል እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስንጨቃጨቅ አደርን። በእሱ አሳበን የተናገርነው ሌላ ነገር እንደነበረ የማስብበት ጊዜ አለ። ይህን ማንንም ለመውቀስ አልተናገርኩም፤ በዚሁ ይለፈኝ።

ከዚያ የመጨረሻው፣ 20ኛው ክፍል መጣ። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቸክ ኃይሉን ተነጥቋል፣ ወንድማማቾቹ ያሳደጉት ጃክ በቦታው ተተክቷል፣ ዓለም ድናለች። ወንድማማቾቹ ሰላም አግኝተዋል፤ ዲን ውሻ ያሳድጋል፣ የፓይ ፌስቲቫል ይሄዳል፣ ሳም ፓዩን ፊቱ ላይ ይለጥፍበታል። ወደ ኦሃዮ ለተራ አደን ይወጣሉ። ጎተራ ውስጥ ከደም መጣጮች ጋር ሲተናነቁ ዲን ከምሰሶ በወጣ ፌሮ ላይ ተሰክቶ ሞተ። እግዚአብሔርን ያሸነፈ ሰው በፌሮ! አንድ የኮንስትራክሽን ሠራተኛ አባላችን ያን ማታ «ለዚህ እኮ ነው ጫፉን ኮፍያ የምናለብሰው» አለ። የሳቀለት የለም። የዙሙ ሣጥኖች አንድ በአንድ ጠቆሩ፤ እኔና ገንዘብ ያዣችን ብቻ ቀረን።

በማግስቱ ሦስት ወገን ተፈጠረ። አንዱ ወገን የድራማው ነገር ከመነሻው የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው፣ አንዱ በሌላው እጅ ላይ መሞቱ፣ ሌላው ልጅ ወልዶ አርጅቶ መከተሉ ትክክል ነው ይላል። ሁለተኛው፣ አብዛኛው ወጣት የሆነው፣ ካስቲየልን ምን አደረጋችሁት ይላል። ሦስተኛዎቹ ትንሽ ናቸው፣ ግን ድምፃቸው ትልቅ ነው። እነሱ ዘንድ ድራማው ያለቀው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2010፣ የአምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፈጣሪው ኤሪክ ክሪፕኪ አምስት ምዕራፍ ነበር ያሰበው፣ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው ባይ ናቸው። እንግዲህ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጭማሪውን ከእኛ ጋር ሲያዩ ማን አስገደዳቸው? ይህ በቅንፍ ይያዝልኝ።

ሰብሳቢ አይዳኝም ትሉኝ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ «አንተ የማን ወገን ነህ» ስትሉኝ ኖራችኋልና ዛሬ እነግራችኋለሁ። ፌሮው ልክ ነው። 15ኛው ምዕራፍ ሙሉውን የሚነግረን ወንድማማቾቹን ቸክ ይጽፋቸው እንደነበር ነው። ከሞት የሚተርፉት፣ መኪናቸው የማትበላሸው፣ ካርዳቸው የሚሠራው እሱ ጀግና ስላደረጋቸው ነው። 10ኛው ክፍል ላይ ያንን ሲነሣቸው አየን፤ ዲን ጥርሱን ታመመ፣ ሳም ጉንፋን ያዘው፣ ኢምፓላዋ መንገድ ላይ ቆመች። ቸክ ከሄደ በኋላ የሚጽፍላቸው የለም። የሚጽፍለት የሌለው ሰው ደግሞ እንደ ማንኛችንም በሥራ ላይ አደጋ ይሞታል። ነፃነት ማለት እኮ ይኸም አለበት። አንዲት ልጃችን «በሚቀጥለው ክፍል ዕድላቸውን አላስካ ሄደው አስመልሰዋል እኮ» ብላ ጽፋልኛለች። ጥሩ ነጥብ ነው፤ መልስ አለኝ፣ ከሰዓት እንገናኝ።

በካስቲየል ጉዳይ ግን ወጣቶቹ እውነት አላቸው፤ ይህንን በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ስሙኝ። ካስቲየል ወደ ድራማው የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ገጸ ባሕርይ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ፊቱ አልታየም። ለወንድማማቾቹ እንደ አባት የነበረው ሟቹ ቦቢ፣ ሰማይ ቤት ሆኖ፣ ካስቲየል ጃክን እንደረዳ በአንድ ቃል ጠቀሰ፣ ዲን ፈገግ አለ፣ አለቀ። ፍቅሩ የወንድምነት ነው የምትሉ ሽማግሌዎቻችን አላችሁ። የተጫወተው ሚሻ ኮሊንስ ራሱ እንደዚያ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል፤ በዚህ ላይ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። የልጆቻችን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ቃል የተናገረ ወዲያው ሲሞት፣ ከሞተም በኋላ ስሙ ሲታፈን ምን ይሰማችኋል ነው የሚሉት። ከእነሱ መካከል ይህ ጥያቄ የድራማ ብቻ ያልሆነባቸው እንዳሉ እገምታለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ሳቅንባቸው?

ወረርሽኙ ነው የምትሉም አላችሁ። እውነት አለው፤ ቀረጻው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ሁለት ክፍል ሲቀረው ቆመ፣ የተጠናቀቀው በዚያው ዓመት መስከረም በጥንቃቄ ነው፣ ብዙ ሰው አንድ ቦታ መሰብሰብ አልተቻለም። እሺ። የሳም ሚስት ከጀርባ ብዥ ብላ ማለፏስ? እኛ አንድ ሰዓት ቆመን አጉልተን አየን፤ ማን እንደሆነች አይታወቅም። ሳም አርጅቶ ሲታይ ያደረገውን ያንን ሽበት ዊግ ደግሞ ወረርሽኙ አላመጣውም።

አሁን ወደ ካዝናው። በታኅሣሥ ወጣቶቹ ለአዘጋጆቹ የተቃውሞ ደብዳቤ በማኅበሩ ስም ይውጣ አሉ። ግማሹ አባል የማያምንበትን ደብዳቤ በማኅበሩ ማኅተም አልልክም አልኩ፤ ዛሬም አልልክም። በግላችሁ ላኩ፣ ቴምብሩን እኔ እገዛለሁ አልኩ። በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ግሩፕ ተከፈተ። ነባሮቹ በተራቸው «ልጆቹን አባብሏል» ብለው መዋጮ አቆሙ። ከሁለቱም ወገን መዋጮ ሲቆም የሰብሳቢ ሚዛናዊነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከገንዘብ ያዣችን ሪፖርት ትሰማላችሁ። የአዳራሹ የሦስት ወር ኪራይ በሁለት አባላት ኪስ ተሸፍኗል፤ ስማቸው እንዳይነሣ ለምነውኛል።

ለቀሩት አንድ ነገር ልበል፤ እየተቀረጸ ስለሆነ ይደርሳቸዋል። ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ፤ ፕሮጀክተራችን አንተ ቤት ነው። ዛሬ የምናየው ከሰው በተዋስነው ነው፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይወስዳል። እኅቴ፣ አንቺም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ዲን ጠረጴዛ ላይ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ መኖሩን መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ። አደኑን ሊተው አስቦ ነበር ማለት ነው ብለሽ ስትነግሪን ሁላችንም ዝም አልን። ከዚህ ሁሉ ክርክር እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም ካነሣሁት ሐሳብ ጋር በቀጥታ ይጣላል። እኔን የምታሸንፊበትን ማስረጃ ይዘሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ? መጥተሽ አሸንፊኝ እንጂ!

ዲንን የተጫወተው ጄንሰን አክልስ ራሱ መጨረሻውን ሲነግሩት አልዋጥልህ እንዳለው በአደባባይ ተናግሯል። ምን አደረገ? ስልኩን አነሣና ለክሪፕኪ ደወለ፤ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሄዶ ሥራውን ሠራ። እኔ ለእናንተ ደውዬ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው፤ በሰርግ ስንገናኝ ግን ክፍት ነው።

የዛሬው አጀንዳ ይህ ነው። ጠዋት የሒሳብ ሪፖርት። ከምሳ በኋላ 20ኛውን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ፣ በየቦታው እያቆምን እንወያይበታለን። ጎተራው ላይ ስንደርስ ማንም ተነሥቶ እንዳይወጣ አደራ፤ መውጣት የፈለገ ምክንያቱን ተናግሮ ይውጣ። ከዚያ የምንመርጠው አለ፦ በጥር የሚጀመረው ድጋሚ ዕይታ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ይቁም፣ 19ኛው ክፍል ላይ ይቁም፣ ወይስ እስከ ፌሮው ይሂድ።

እዚህ ላይ ችግር አለ። ደንባችን ለድምፅ አሰጣጥ ሃምሳ ሲደመር አንድ ይላል፤ ጸሐፊያችን ከበሩ ላይ ቆጥራ የሰጠችኝ ወረቀት ምልዓተ ጉባኤው እንዳልሞላ ያሳያል። የሚጎድለን ሰባት ሰው ነው። ከሰባት የሚበልጡት ከዚህ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የቡናውን ዕረፍት አሁን አድርጌዋለሁ። እያንዳንዳችሁ ከእናንተ ወገን ላልሆነ አንድ ሰው ደውሉ። ካላነሣ መልእክት ተዉለት፣ ድፎው ሳያልቅ ይድረስ በሉት። ሪፖርቱን በአራት ሰዓት ተኩል እንጀምራለን።