ቅርጽ ራሱ ሲናገር፦ ጭብጥና ቅርጽ በጥንታዊና በዘመናዊ ግጥም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የግጥም ወዳጆች፤

ግጥም ስንማር አብዛኞቻችን ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው ቀርበውልናል። አንደኛው የግጥሙ ጭብጥ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስንኞቹ ስንት እንደሆኑና ቤት የሚመቱት እንዴት እንደሆነ። የመጀመሪያውን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንመልሳለን፣ ለሁለተኛው እንቆጥራለን፣ ከዚያም መጽሐፉን እንዘጋለን። እኔ ዛሬ የምሟገተው ሁለቱ ጥያቄዎች ተነጥለው ሊመለሱ አይችሉም ብዬ ነው። ጭብጥን ከቅርጹ ነጥለን ስናወጣው እጃችን ላይ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሞት አይቀርም፣ ፍቅር ያማል፣ ጊዜ ይነጉዳል። ይህን ለመናገር ደግሞ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም።

ከጥንቱ ልጀምር። ሰቆቃወ ኤርምያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ስትወድቅ የደረሰውን መከራ የሚያለቅስ መጽሐፍ ነው። ጭብጡን ማንም አንባቢ ከመጀመሪያው ቁጥር ያገኘዋል። ቅርጹ ግን በትርጉም ስለማይሻገር በቀላሉ ያመልጠናል። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው፤ ከመጽሐፉ 5 ምዕራፎች አራቱ በእነዚህ ፊደላት ተራ የተደረደሩ ናቸው። ምዕራፍ 1፣ ምዕራፍ 2 እና ምዕራፍ 4 እያንዳንዳቸው 22 ቁጥሮች ሲኖሯቸው፣ ቁጥሮቹ እንደየተራቸው በአንድ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ምዕራፍ 3 ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ቁጥር ስለሚሰጥ 66 ይደርሳል።

ከተማው ነዶ፣ ወገኑ ተማርኮ፣ ሕፃናት በረሃብ ሲረግፉ ያየ ሰው ለምን ፊደል ይቆጥራል? ለዚህ ጥያቄ የማያዳግም መልስ አለኝ አልልም፤ ነገር ግን ልቅሶ በራሱ ማብቂያ እንደሌለው፣ ፊደል ግን ማብቂያ እንዳለው እናስተውል። ፊደሉ ለሐዘኑ ዳርቻ ያበጅለታል፤ በዚያው መጠን ደግሞ መከራው አንድም ሳይቀር ከሀ እስከ ፐ እንደተቆጠረ ይመሰክራል። ምዕራፍ 5 ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ቁጥሮቹ አሁንም 22 ናቸው፤ የፊደሉ ተራ ግን የለም። ይህ ምዕራፍ ሕዝቡ በአንድነት አምላኩን የሚለምንበት ነው፣ የሚያበቃውም ለልመናው መልስ ሳያገኝ፣ እንዲያውም ፈጽሞ የተጣለ እንደሆነ በመጠራጠር ነው። አንዳንዶች የተራውን መጥፋት ከጸሎቱ ባሕርይ ጋር ብቻ ሊያያይዙት ይችላሉ። ለእኔ ግን የቁጥሩ ሳይለወጥ መቆየትና የሥርዓቱ መፍረስ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ቃላቱ በግልጽ የማይሉትን መዛል ይናገራሉ።

ሶኔት የተባለውን ባለ14 ስንኝ የግጥም ቅርጽ በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ስለተባለለት እንጂ የሚናቅ ሆኖ አይደለም። የጣሊያናዊው ገጣሚ የፔትራርክ ሶኔት 14 ስንኞቹን 8 እና 6 አድርጎ ይከፍላል፤ በ1609 የታተሙት የሼክስፒር 154 ሶኔቶች ግን በአብዛኛው ሦስት ባለአራት ስንኝ አንጓዎችና ሁለት የመዝጊያ ስንኞች አሏቸው። ሐሳቡን ለማጠፍ ስድስት ስንኝ የተሰጠው ገጣሚ ማመንታት ይችላል። ሁለት ብቻ የቀሩት ገጣሚ ግን ፍርድ ወደ መስጠት ያደላል፤ የሼክስፒር ፍጻሜዎች እንደ ብይን የሚሰሙትም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ዘመናዊው ስንመጣ፣ ግጥም ቤት መምታትን ሲተው ቅርጽንም እንደተወ የሚነገረውን አልቀበልም። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን በ1855 ባሳተመው መድበል ውስጥ የቀለም ልክ የለም፤ በምትኩ የስንኝ መነሻ ቃላት ደጋግመው ይመለሳሉ፣ ሐሳብም በሐሳብ ላይ እየተደገፈ ይሄዳል። መዝሙረ ዳዊትን ያነበበ ሰው ይህን አካሄድ ወዲያው ያውቀዋል። ልዩነቱ ጥንታዊው ገጣሚ ሕጉን አንባቢው አስቀድሞ ከሚያውቀው ልማድ መውሰዱ ነው። ዘመናዊው ግን ብዙ ጊዜ ሕጉን ለዚያው ለአንዱ ግጥም ብቻ ስለሚያወጣ፣ ሕጉን የማግኘቱ ሥራ ለአንባቢው ይተላለፋል።

ሌላው አሜሪካዊ ገጣሚ ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ በ1923 ያሳተመውን ስለ ቀይ የእጅ ጋሪ የሚናገር ግጥም እንመልከት። በእንግሊዝኛው 16 ቃላት ብቻ ናቸው፤ በአራት ጥንድ ስንኞች ተከፍለዋል፤ በየጥንዱ የመጀመሪያው ስንኝ ሦስት፣ ሁለተኛው አንድ ቃል ይይዛል። ገጣሚው የጋሪውን ስም መሐሉ ላይ ቆርጦ ከፊሉን ወደ ቀጣዩ ስንኝ ያወርደዋል፤ የዝናብ ውኃ የሚለውንም እንዲሁ። ብዙ ነገር በዚህ ጋሪ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ግጥሙ ይነግረናል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። የስንኙ መቆረጥ በጥድፊያ የምናልፈውን ዕቃ ክፍል በክፍል እንድናየው ያስገድደናል፤ ጭብጡም ይኸው ማየት ነው። በእርግጥ ስንኝ በተቆረጠበት ሁሉ ምሥጢር አለ ማለቴ አይደለም። በዘፈቀደ የተቆራረጠ ዝርው ጽሑፍ ግጥም ተብሎ ሲታተም በየጊዜው እናያለን፤ መለያው፣ ስንኞቹን በአንድ መስመር ቀጥለን ስንጽፋቸው የሚጎድል ነገር መኖር አለመኖሩ ነው።

በመጨረሻ አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ቢሾፕ በ1976 ያሳተመችውን ስለ ማጣት የሚናገር ግጥም ላንሣ፤ ዘመናዊ ገጣሚ ወደ ቀድሞ ቅርጽ የተመለሰችበት ነውና። ቅርጹ ቪላኔል ይባላል፤ 19 ስንኞች፣ ሁለት ዓይነት ቤት መምቻ፣ ደግመው ደጋግመው የሚመለሱ አዝማች ስንኞች አሉት። አዝማቹ ማጣትን መልመድ ከባድ አይደለም ይላል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቁልፍ ነው፤ ቀጥሎ የባከነ ሰዓት፣ ስሞች፣ የእናት የእጅ ሰዓት፣ ቤቶች፣ ከተሞች፣ አልፎም አህጉር። በመጨረሻው አንጓ የሚታጣው የምትወደው ሰው ሲሆን ግን አዝማቹ «ከባድ አይደለም» ማለቱን ትቶ «እጅግም ከባድ አይደለም» ወደሚል ይለወጣል። መዝጊያው ስንኝ ላይ ደግሞ ቅርጹ የሚጠይቀው «ጥፋት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሊወጣ ሲል፣ ገጣሚዋ በቅንፍ ራሷን «ጻፊው!» ብላ ታዛለች። ቃሉን ልትሸሸው ትፈልጋለች፤ ቤት መምቻው ግን አይለቃትም።

የዚህ ግጥም ረቂቆች ተጠብቀው ቆይተዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ ቤት የማይመታ፣ ለማስታወሻ የቀረበ ጽሑፍ ነው፤ የጠፋው ዕቃም፣ የጠፋው ሰውም እዚያው አለ። «ጻፊው!» የሚለው ትእዛዝ ግን ትርጉም የሚያገኘው፣ መምጣቱ የማይቀረውን ቃል የሚያስጠብቀን ቅርጽ ከተገኘ በኋላ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።