ወረቀት ላይ የነበረው ፍርሃት የት ገባ?

ደሴ፣ ለስክሪፕት ጸሐፊዎችና ለፊልም ሠሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ከፒያሳና ከሸዋ በር በእግራችሁ የደረሳችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብርዱን አብሽሩ። እንዲያውም ብርዱ ራሱ የምናወራበት ጉዳይ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ጸሐፊው አስፈሪ ፊልም ይጽፋል። ለጓደኞቹ ሲያነብላቸው ይሰቀጥጣቸዋል። ፊልሙ ተሠርቶ አዳራሽ ሲገባ ግን ተመልካቹ ይስቃል። ከዚያ መወቃቀስ ይመጣል። ጸሐፊው ዳይሬክተሩን፣ ዳይሬክተሩ በጀቱን፣ ፕሮዲውሰሩ ሁለቱንም። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን እኔ ዛሬ ጸሐፊውን ነው የምይዘው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ የተጀመረ ነው።

ወረቀት ላይ የሚያስፈራን ቃሉ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚያስፈራን መጠበቁ ነው። «የሚዘገንን»፣ «የሚያስጨንቅ»፣ «ልብ የሚያርድ» የሚሉት ቃላት ለአንባቢ ይሠራሉ፤ ካሜራ ግን አይቀርጻቸውም። መጠበቁን ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ካልጻፈው ሌላ ማንም አይጽፍለትም።

እስቲ አንድ ትዕይንት እንይ። ዘሀራ የምትባል ልጅ አያቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ስክሪፕቱ እንዲህ ይላል፦

«ውስጥ፣ የአያት ቤት፣ ሌሊት። ዘሀራ በፍርሃት ተውጣ ተቀምጣለች። ቤቱ አስፈሪ ድባብ አለው። ድንገት መብራት ይጠፋል። የሚዘገንን ድምፅ ይሰማል። አንድ አስፈሪ ፍጡር ከጓዳ ብቅ ይላል። ዘሀራ ትጮሃለች።»

ይህ ጽሑፍ የቀረጻ ቦታ ላይ ሲደርስ ካሜራማኑ «መብራት ከጠፋ በምን እናያታለን?» ይላል። መልስ ስለሌለ መስኮቱ ላይ ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራት ይሰካል። ድምፅ ቀራጩ «የሚዘገንነው ድምፅ የምን ድምፅ ነው?» ይላል፤ መልስ ስለሌለ ኤዲተሩ ከኢንተርኔት ሁላችንም መቶ ጊዜ የሰማነውን ጩኸት ያወርዳል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ፍጡሩን ስትጠይቅ መልስ ስለሌለ ዱቄት የተቀባ ፊትና ቀይ ጣፋጭ ሽሮፕ ይሆናል። ሦስት ባለሙያ ሦስት የተለያየ ፊልም ሠራ። ከዚያ አዳራሹ ሳቀ።

ያው ትዕይንት በሌላ አጻጻፍ፦

«ውስጥ፣ የአያት ቤት፣ ሌሊት። ዘሀራ የከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ረከቦቱ ፊት ለፊቷ ነው፤ ስድስት ሲኒ። ፍሪጁ ያጉረመርማል። መብራት ይሄዳል። የፍሪጁ ድምፅ አብሮ ይቆማል። የፍሙ ቅላት ብቻ ፊቷ ላይ ቀርቷል። ለአሥር ሰከንድ ምንም የለም። ከጓዳ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ ይሰማል፤ አንዴ። ዘሀራ፦ «እማማ?» ዝምታ። ሲኒው ደግሞ ይጋጫል። ዘሀራ ዝቅ ብላ ረከቦቱን ታያለች። ስድስቱም ሲኒ እዚያው ናቸው።»

ፍጡር የለም፤ ጩኸት የለም፤ «አስፈሪ» የሚል ቃልም የለም። ግን ካሜራማኑ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ድምፅ ቀራጩም ምን እንደሚቀርጽ ያውቃል። በጀቱም አንድ ክፍል፣ አንዲት ተዋናይትና አንድ ምድጃ ነው። በእኛ አገር መብራት ሲሄድ ፍሪጅ አብሮ ዝም እንደሚል የማያውቅ ተመልካች የለም፤ ያንን ዝምታ በየቤቱ ሰምቶታል። ከውጭ ፊልም የሚቀዳ ጭራቅ ይህን ሊሰጣችሁ አይችልም።

ይህን ትዕይንት የሚቀርጹ ሰዎች ደግሞ የሚከተለውን ይያዙ። የፍም ብርሃን ለዓይን ይበቃል እንጂ ለካሜራ አይበቃም። ከምድጃው ጀርባ፣ ከካሜራው በተሸሸገ ቦታ፣ ብርቱካናማ ወረቀት የለበሰ ትንሽ ኤልኢዲ አስቀምጡ፤ አንድ ሰው በእጁ ቀስ እያለ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያድርገው። የካሜራውን የቀለም ሚዛን 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ላይ ቆልፉት፤ አውቶማቲክ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው ብርቱካኑን እንደ ስህተት ቆጥሮ መሐል ላይ ያጥበዋል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ፍሙን በማራገቢያ አቅሉት። አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ በር ተዘግቶ የከሰል ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ሰው ይሞታል። ከሰል ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። በየቀረጻው መሐል በርና መስኮት ይከፈት፤ ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ወዲያው ይውጣ።

ፍሪጁን በተመለከተ፣ ሲቀረጽ ከሶኬት መነቀል አለበት። ድምፁን ለብቻው አንድ ደቂቃ ቅዱትና ኤዲቲንግ ላይ ትጨምሩታላችሁ፤ አለዚያ ከሾት ወደ ሾት፣ ማለትም ከአንዱ ቁራጭ ቀረጻ ወደ ሌላው፣ እየዘለለ ያስቸግራል። የመኪና ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ መልሳችሁ ሳትሰኩት ወደ ቤት መሄድ አትችሉም፤ የባለቤቶቹም ሥጋ አይበላሽም። የሲኒውን ድምፅ እዚያው ጓዳ ውስጥ ቅዱት፤ ስቱዲዮ የተቀዳ ሲኒ የጓዳ ግድግዳ ስለሌለው ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ አያምነውም። ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የባዶውን ክፍል ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅዱ። ዝምታ ማለት ድምፅ አልባ ፋይል አይደለም። ፍጹም ባዶ ድምፅ ከገባ ተመልካቹ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሌባ ልምጣ፤ ኤዲቲንግ ላይ ፍርሃቱ እንዴት እንደሚሰረቅ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለውን ሕግ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ የስክሪፕት አንድ ገጽ ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ያ ሕግ የተሠራው ኩሪየር በሚባለው ፎንት በ12 ነጥብ መጠን ለሚጻፍ የእንግሊዝኛ ስክሪፕት ነው። የእኛ ፊደል፣ የእኛ ፎንት፣ የእኛ ንግግር በዚያ አይለካም። አስፈሪ ፊልም ላይ ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። የዘሀራ ትዕይንት ሩብ ገጽ ነው፤ በአግባቡ ከተቀረጸ ግን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ሃያ ትዕይንት ያለው ስክሪፕት 90 ደቂቃ ይሆናል ተብሎ ተቆጥሮ ከ115 በላይ ይመጣል። ፕሮዲውሰሩ አሳጥሩ ይላል። ኤዲተሩ ምን ይቁረጥ? ንግግር ከቆረጠ ታሪኩ ይፈርሳል፤ ድርጊት ከቆረጠ ሰው ግራ ይጋባል። ሳያስቸግር የሚቆረጠው ዝምታው ነው። አሥሩ ሰከንድ ሦስት ይሆናል። ዘሀራ መብራት ሲሄድባት ወዲያው ሲኒው ይጋጫል፤ ወዲያው ረከቦቱን ታያለች። ታሪኩ አልተነካም፤ ፍርሃቱ ግን የለም።

ስለዚህ ስክሪፕታችሁን የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ፣ ዝምታውን ሳይቀር ቁጭ ብላችሁ እየጠበቃችሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። አሰልቺ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበላል። የሚቆረጥ ካለ እናንተ ወረቀት ላይ ቁረጡት፤ አንድ ጠቅላላ ትዕይንት አውጡና ለቀሩት ጊዜያቸውን ጠብቁላቸው። የሰከንዱን ቁጥር መጻፍ ዳይሬክተሩን መድፈር ነው የሚል አለ። እኔ አይመስለኝም። በየመስመሩ ከሆነ መድፈር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ አራት አምስት ቦታ ከሆነ ግን እዚህ ጋ ቁሙ የሚል ምልክት ነው።

ከውጭ ሁለት ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ሃሎዊን» ጆን ካርፔንተርና ዴብራ ሂል ሲጽፉት ገዳዩን ስክሪፕቱ ላይ «ቅርጹ» ነው ያሉት። ጭምብሉ የመጣው ከሱቅ ነው፤ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ኪርክ የጎማ ጭምብል በርካሽ ተገዝቶ ነጭ ቀለም ተቀባ፣ የዓይኑ ቀዳዳ ሰፋ። ስክሪፕቱ የፊቱን ባዶነት እንጂ ቀንድና ጥርስ ስላልጠየቀ ርካሹ ጭምብል በቃ። ካርፔንተር እንደሚተርከው፣ ሙዚቃው ሳይገባ ፊልሙን ያየች አንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ ምንም አልፈራችም። ከዚያ በአምስት ምት የሚሄደውን የፒያኖ ዜማ ራሱ ሠራው። ያለ ሙዚቃ ያያችሁት የመጀመሪያ ቅንብር ካላስፈራችሁ ገና ተስፋ አትቁረጡ፤ ሙዚቃ ግን ካሜራው ያልጠበቀውን አይጠብቅላችሁም።

ሁለተኛው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው፤ እ.ኤ.አ. 1973። ዊልያም ፒተር ብላቲ የራሱን ልብ ወለድ ራሱ ወደ ስክሪፕት ቀይሮ ኦስካር ያገኘበት ነው። እንዲህ ያለ ጸሐፊ እንኳ ከመቁረጫው አላመለጠም። ጋኔን ካደረባት ልጅ ጋኔኑን ሊያስወጡ የመጡት ሁለት ቄሶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው «ለምን ይህቺ ልጅ?» ብለው የሚነጋገሩበትን ቦታ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን አወጣው። ለብላቲ የፊልሙ ልብ እዚያ ነበር። ለዓመታት ሲሟገት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ንግግሩ ተመለሰ። ሁለቱንም ቅጂ አይታችሁ ፍረዱ። በእኔ ግምት፣ ትርጉሙ ንግግር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ መቆረጡ አይቀርም፤ ድርጊት ውስጥ የተቀመጠ ትርጉም ግን ታሪኩን ሳያፈርስ የሚነቅለው የለም።

እዚያው ፊልም ላይ የልጅቷ መኝታ ክፍል ተደርጎ የተሠራው ስፍራ በትልልቅ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች እንዲወርድ የተደረገው የተዋናዮቹ ትንፋሽ እንዲታይ ነው። እኛ ማቀዝቀዣ አያስፈልገንም፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሩን ከፍታችሁ መጠበቅ ነው። ግን ትንፋሽ ብቻውን አይታይም፤ ከኋላ ወይም ከጎን ብርሃን፣ ከጀርባው ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል። ከፊት መብራት ከተመታ ይጠፋል። ያንኑ ስክሪፕት ይዛችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከቀረጻችሁ ትንፋሽ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ እዚያ ይሞቃል። «ትንፋሿ ይታያል» ብሎ የሚጽፍ ሰው የት እንደሚቀረጽ ይወቅ።

የጦሳ ተራራን ጉም አስመልክቶ፦ ለማየት ውብ ነው፤ ለቀረጻ ግን ከዳተኛ ነው። በሃያ ደቂቃ ይመጣል፣ በሃያ ደቂቃ ይሄዳል። አንዱ ሾት ላይ ጉም፣ ቀጣዩ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ይሆናል። ጉም የምትጽፉበት ትዕይንት አጭርና በአንድ ወይም በሁለት ሾት የሚያልቅ ይሁን። የጭስ ማሽን ደጅ ላይ አትመኑ፤ ነፋሱ ይወስደዋል።

ሌሊት ስትቀርጹ ድምፃችሁ ውስጥ የሚገቡትን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ሐረጎን የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ፍሬን፣ ውሻ፣ ጅብ፣ የሱብሂ አዛን፣ በበዓል ዋዜማ የማኅሌት ድምፅ። እነዚህን መከልከል አይቻልም፤ አይገባምም። ንግግርና ዝምታ ያለባቸውን ትዕይንቶች ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጉ፤ ሩጫና ጩኸት ያለባቸውን ወደ ዳር ግፉ። የሁለቱንም ሃይማኖት በዓላት ካላንደር ላይ ሳታዩ የቀረጻ ቀን አትቁረጡ።

ደም ከስኳር ሽሮፕ፣ ከቀይ የምግብ ቀለምና ከትንሽ ካካዎ ይሠራል፤ ካካዎው ካልገባ የከረሜላ ቀለም ይሆናል። ዝንብ ይሰበስባል፤ ከነጭ ጥጥም አይለቅም። ነጠላ የሚደማበት ትዕይንት ከጻፋችሁ ሦስት አንድ ዓይነት ነጠላ ግዙ፤ አንድ ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትቀርጹት።

ስለ ቡዳና ስለ ጅኒ የምትጽፉ አላችሁ። ጻፉ፤ የእኛ ነው። ነገር ግን ጭራቁን ሸክላ የምትሠራ ሴት ወይም አካል ጉዳተኛ ማድረግ ስንፍና ነው፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ያቺ ሴት ገበያ ትወጣለች።

ብዙዎቹ ፊልሞቻችን ዛሬ በስልክ ነው የሚታዩት። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ አዳራሽ ላይ ደረት የሚመታው ጉርምርምታ ስልክ ላይ የለም። የሲኒ ድምፅ ግን ስልክ ላይም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የመረጥኩት ለዚህም ነው። ጥቁሩም እንዲሁ ነው። በጣም የጨለመ ምስል ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ይቆራረጥና ካሬ ካሬ ይሆናል። ከመልቀቃችሁ በፊት ቀን ላይ፣ ብርሃን ባለበት ካፌ ቁጭ ብላችሁ በርካሽ ስልክ እዩት።

የመጨረሻው ውል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ሊለወጡ የማይችሉ ሦስት ነገሮች። ለዘሀራ ትዕይንት አንዱ «ስድስቱም ሲኒ ፊቷ መሆናቸው መጨረሻ ላይ ይታያል» ነው። የቤቱ ቀለም፣ የልጅቷ ስም፣ ምድጃው እንኳ ለድርድር ክፍት ይሁን። ዳይሬክተሩ ሦስቱን አይቶ ካልተስማማ ያኔውኑ እወቁት። ሙዚቃ ሳይገባ የመጀመሪያውን ቅንብር የማየት መብታችሁንም በጽሑፍ አስገቡ፤ ሙዚቃ ከገባ በኋላ ተጠርቶ አስተያየት መስጠት ከተሞሸረ ሠርግ በኋላ ሽማግሌ መላክ ነው።

ሁለቱ የዘሀራ ጽሑፎች በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተባዝተዋል፤ ውሰዱ። አሁን መብራት እያለ ጥያቄያችሁን እንቀበል።