የመጨረሻው የዕቁብ ዕጣ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ጎረቤት ፎቅ እየጨመረ ስለሆነ የመዶሻ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራው ብር ማተምና ድጎማ ከኑሮ ውድነታችን ጋር ስላላቸው ነገር ነው። ስለ አንድ ዕቁብ ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤት ውስጥ 12 ሆነን ዕቁብ ገባን። በወር 4 ሺህ ብር፣ ለባለ ዕጣ 48 ሺህ። መስከረም ላይ የመጀመሪያው ዕጣ ሒሳብ ክፍል ላለች ጓደኛዬ ወጣ። በሳምንቱ ፍሪጅ ገዛች፤ የተረፋት ብርም የቤት ኪራይ ሆነላት። እኔም ዓይኔን የጣልኩት እዚያው ፍሪጅ ላይ ነበር። ዕጣው ግን እንቢ አለኝ። ጥቅምት የለም፣ ኅዳር የለም፣ ፋሲካም አለፈ። ነሐሴ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ሲቀር የዕቁቡ ዳኛ እየሳቀ፣ «ያንቺንስ ማውጣትም አያስፈልግ» ብሎ ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ።

ሱቅ ሄድኩ። መስከረም ላይ 38 ሺህ የነበረው ፍሪጅ 52 ሺህ ገብቷል። አነስ ያለውን ይዤ ወጣሁ። እስካሁን ኩሽናዬ ውስጥ አለ፤ አንድ ድስት ወጥ ከገባበት ሌላ ነገር አይችልም።

ነገሩ የቆረቆረኝ ቤት ገብቼ ሳስበው ነው። ማንም አልሰረቀኝም። ሁለታችንም እኩል ጣልን፣ እኩል በላን። ግን እሷ የበላችው ዕቁብና እኔ የበላሁት አንድ አይደለም። በዚያ ዓመት የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በታች ወርዶ አያውቅም። ግንቦት ላይ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። በ30 ብቻ ብናሰላው እንኳ የእኔ 48 ሺህ በመስከረም ብር 37 ሺህ ገደማ ነው። 11 ሺህ ብሬ የት ሄደ?

ባንክ ባስቀምጠውም አልድንም ነበር። ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ሺህ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ አለው፤ ዕቃው ግን 130 ሺህን አልፏል። ቆጥቡ፣ ቆጥቡ ይሉናል ደግሞ።

እሺ፣ ብር ማተም የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ብር ማተም ሲባል ብዙዎቻችን ማሽን ይታየናል፤ ትኩስ ትኩስ ኖት የሚተፋ። አብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። መንግሥት ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ጉድለቱን ለመሙላት ከውጭ ይበደራል፣ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባል የዕዳ ወረቀት ይሸጣል። ይሄ ሁሉ ካልበቃ ብሔራዊ ባንክ ሄዶ በቀጥታ ይበደራል። ያኔ ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ቁጥር ይጨምራል። ከማንም ኪስ ያልወጣ ብር ተፈጠረ ማለት ነው።

ብሩ መጀመሪያ የሚገባው መንግሥት ጋ ነው። መንግሥት ለኮንትራክተሩ ይከፍላል። ኮንትራክተሩ ሲሚንቶና ብረት ይገዛል፣ ገና ባልተወደደ ዋጋ። የሲሚንቶ ነጋዴው ገበያው እንደደራ ሲያይ ዋጋ ይጨምራል። ብሩ እንዲህ እየተንከባለለ እኔ ጋ፣ አስተማሪው ጋ፣ ጡረተኛው ጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተወድዷል። ዕቁቡን አስታወሳችሁ? መንግሥት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣለት ዕቁብተኛ ነው። እኛ ነሐሴ ላይ ነን። የጠፋው 11 ሺህ ብሬ ቢያንስ በከፊል የሄደው እዚያ ነው።

በከፊል ያልኩት አውቄ ነው። በ2014 ጦርነት ነበር፣ ድርቅ ነበር። የዩክሬን ጦርነትም የስንዴውን፣ የማዳበሪያውንና የነዳጁን ዋጋ ሰቅሎት ነበር። እህል ከገጠር አልወጣ ካለ ብር ባይታተምም ጤፍ ይወደዳል። በዋጋ መለኪያችን ውስጥ ደግሞ ምግብ ከግማሽ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ሁሉንም በማተሚያው ላይ የሚያላክክ ሰው ሲገጥማችሁ ጠርጥሩት። ግን ጦርነትም ወጪ ነው። ግብራችን ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 7 በመቶ አካባቢ ድረስ ወርዶ ነበር። በዚህ ገቢ ያን ሁሉ ወጪ የሚሸፍን አገር የት ሄዶ እንደሚበደር መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ድጎማው። እኔ ድጎማ አልጠላም። ታክሲ ተሳፋሪ ነኝ፣ እንዴት እጠላለሁ! ግን የነዳጁን ነገር ልንገራችሁ።

ነዳጅ ለዓመታት ከገዛንበት በታች ሲሸጥ ኖረ። ልዩነቱ አልጠፋም። የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በሚባል ስም ዕዳ ሆኖ ይቆለል ነበር። ርካሹ ቤንዚን ደግሞ ድንበር መሻገር ይወዳል፤ ጎረቤት አገር ዋጋው ሌላ ነዋ። የተረፈውም ቢሆን ለተባለለት ሰው አይደርስም። አንዴ ዘመድ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ወርጄ ነበር። ማደያው ባዶ ነው፣ «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሎበታል። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ሱቅ በር ላይ ግን በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ተደርድሯል፤ ልክ እንደ ጠጅ ቀላ ያለ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ሁለት ሃይላንድ ገዛ። ከማደያው ዋጋ እጥፍ ነው የከፈለው። «ሌሊት ተሰልፌ ካልሆነ በመንግሥት ዋጋ አላገኝም። ተሰልፌ ካደርኩ ደግሞ መቼ ልሠራ?» አለኝ። ሒሳቡን እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ ታሪፉ ላይ ጨመረበት።

እናንተ አስቡት። ዕዳው የሁላችንም ነው፣ ርካሹ ነዳጅ ግን የባለ ሃይላንዱ ሆነ።

ሐምሌ 2014 ላይ መንግሥት ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ አደረገና ለሌላው ቀስ በቀስ ማንሳት ጀመረ። ቤንዚን በአንድ ጊዜ ከ37 ብር አካባቢ ወደ 48 ብር ገደማ ወጣ። በ2017 የገና ሰሞን 100 ብርን አለፈ። በየጊዜው ጩኸት ነበር፣ እኔም ጮኼያለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ድጎማ ሲነሳ ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱም ይታወቃል። ማታ በዜና ይነገራል፣ ጠዋት የታክሲው ረዳት «ጨምሯል!» ይላል። ብር ሲታተም ግን ማንም በዜና አይነግረንም። በወራት ውስጥ ሽንኩርት ይጨምራል፣ እኛ ሽንኩርት ሻጯን እንሰድባለን።

መንግሥትም አንዳንዴ አብሮን ይሳደባል። በ2003 በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ዘይትና ስኳር ከሱቅ ተሰወሩ። እናቴ ቀበሌ ተሰልፋ ዘይት ስትጠብቅ የዋለችባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። ግሽበቱ ግን በዚያው ክረምት 40 በመቶ አካባቢ ነበር።

የተሳሳትኩበትን ደግሞ ልናዘዝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ «አለቀልን» ካሉት አንዷ ነኝ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ግሽበቱ 50 በመቶ ይገባል ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቼ ነበር። አልገባም። እንዲያውም በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ለምን? ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ አስመጪው ድሮም ዶላሩን በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር የሚያስበው። ዕቃው ቀድሞ ተወድዷል፤ ባንኩ ነው ዘግይቶ የደረሰበት። ሁለተኛው የብሩ ቧንቧ መጥበቡ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ከቀደመው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚያወርድ፣ የባንኮች ብድርም ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ። በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ ቀጥታ ብድሩ ጭራሽ ቆመ። ድጎማው ግን አልቆመም። በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማም ታስቦ ነበር። ስለዚህ ድጎማ ሁሉ ግሽበት ነው የሚለውን አልቀበልም። ገንዘቡ ከየት መጣ ነው ጥያቄው።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። «እማዬ፣ ግሽበት እኮ ቀነሰ» አልኳት።

«የታለ? በርበሬው ያው ነው።»

«ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ ወጣ ማለት ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ ቀነሰ ምን ያስብላቸዋል?»

ትክክሏን ነው፣ መልስ አላገኘሁላትም። ደመወዜ ፍሪጁ 38 ሺህ በነበረበት ጊዜ ከነበረው ብዙ አልራቀም። የቆመው ሩጫው ነው፤ ጥሎን የሄደው ርቀት አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ፣ ዘንድሮም ዕቁብ ገብቻለሁ። ሦስተኛው ዕጣ ወጣልኝ፣ ተመስገን። ለእናቴ ደውዬ «ብሩን ምን ላድርገው? ባንክ ላስቀምጠው?» አልኳት።

«ባንክ?» አለች፣ የሆነ አስቂኝ ነገር እንደሰማች። «መጀመሪያ የዓመት በርበሬሽን ግዢ። ከዛ ደውዪልኝ።»