ሦስት ዘንባባ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ የማወራው። ያለሁት ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ቤት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፄ አልፎ አልፎ ቢዋጥባችሁ ታገሡኝ። አዲስ አበባ እስክመለስ ካቆየሁት ነገሩ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው እዚሁ የምቀዳው።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሜዳይ አለች። የአያቴ ናት፣ የአባቴ አባት። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ጥብጣቧ ደብዝዟል፤ ጠርዙም ተተልትሏል። ጥብጣቡ ላይ ትንንሽ የዘንባባ ቅጠሎች ተሰክተዋል። ሦስት ናቸው።

እኛ ቤት አያቴ የሚታወቀው "አምስት ዓመት ዱር ቤቴ ብሎ" በሚል ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሲያስተዋውቁን ሁሉ እንዲሁ ነው የሚባለው። ልጅ ሆኜ አባቴን "ታዲያ ዘንባባዎቹ ለምን ሦስት ሆኑ?" ብዬው አውቃለሁ። "ሁለቱ ወድቀው ነው" አለኝ። እሱም በልጅነቱ ሣጥኑን ሁሉ አገላብጦ ፈልጓቸው እንደነበር ነገረኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የአያቴን የአርበኝነት መዝገብ ፍለጋ ጀመርኩ። ዓላማዬ ቀላል ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ የትና መቼ እንደተዋጋ ተጽፎ ማየት ፈለግሁ። ልጆቼ "አያታችን እኮ አርበኛ ነበር" ሲሉ የሚያሳዩት ነገር እንዲኖራቸው ነው።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ነው። አባቴ የሚጠራው ስም አለ። የክርስትና ስሙ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ተዋጊ በፈረስ ስሙ ይጠራ ነበር፤ በላይ ዘለቀን ብዙ ሰው "አባ ኮስትር" ብሎ እንደሚያውቀው ማለት ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ ስሙን ከነአባቱ አስመዘገብኩ፤ ሦስት ጊዜ አመላለሱኝና "የለም" አሉኝ። በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የአርበኛ ልጅ የነገሩኝ ነገር መንገዴን ለወጠው። "የእኔ ልጅ፣ ስሙን አትጠይቂ" አሉኝ። "የማን ጭፍራ ነበር ብለሽ ጠይቂ።"

እውነታቸውን ነው። የጎጃም አርበኛ በቁጥር የተመዘገበ ጦር አልነበረም። የሚታወቀው በአለቃው ነው። ብቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ ዳሞትና ቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ አገው ምድር ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ልጅ ኃይሉ በለው ነበሩ። ከእነሱ ሥር ደግሞ ስማቸው መጽሐፍ ያልገባ ብዙ የጎበዝ አለቆች አሉ። አለቃውን ካገኛችሁ የዘመተበትን አገር ታገኛላችሁ፤ አገሩን ካገኛችሁ የሚያውቀው ቤተሰብ አይጠፋም።

እኚሁ ሰው ሜዳይዋን ዓይናቸው ጋ አስጠግተው አዩዋትና "ሦስት ዓመት ታግሏል" አሉ። እኔም "አይ፣ አምስት ነው፤ ሁለቱ ወድቀው ነው" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ዘንባባው የዓመት ቁጥር እንደሆነ፣ አምስቱን ዓመት ለታገለ አምስት፣ ሦስት ለታገለ ሦስት እንደሚሰካ ነገሩኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጥብጣቡ ላይ አሳለፉና "ሌላ የተሰካበት ቀዳዳ የለውም" አሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ደስ አላለኝም። ሁለት ዓመት ጎድሎብኛል። የት ነበር?

ለንደን የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ። እዚያ ኪው በሚባለው ሰፈር ያለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት የእንግሊዝ ጦር ማኅደሮችን እንደያዘ ስለማውቅ ለመንኩት። አያቴ የተዋጋበትን ዘመን "1933" ብዬ ጽፌ ላክሁለት። እሱ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ 1933ን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ፍለጋ ፈለገ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ 1933 የእነሱ 1940 እና 1941 ነው፤ ዘመቻው ደግሞ 1941 ላይ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ፍለጋ የምትጀምሩ ሁሉ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

በሁለተኛው ጉዞው የዘመቻውን ማስታወሻዎች አገኘ። ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ከሱዳን በኩል ኡም ኢድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ በፊት በ1932 ክረምት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ሲላላክ ቆይቷል፤ ደጃዝማች መንገሻንና ደጃዝማች ነጋሽንም አስማምቷል። ከዚያ ሌላው እንግሊዛዊ መኮንን ዊንጌት የሚመራው፣ ጌዴዎን የተባለው ትንሽ ጦር በቡሬና በደምበጫ አድርጎ ጣልያንን እየገፋ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ጃንሆይ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህ ሁሉ በወረቀት አለ። የመኮንኖቹ ስም፣ የግመሉ ብዛት፣ ወንዙና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል። የአገሬው ሰው ግን "አርበኞች" ተብሎ በጅምላ ነው የሚጠቀሰው፤ በስም የሚገኙት ትልልቆቹ አለቆች ናቸው። አያቴ የእንግሊዝ ወታደር ቢሆን ኖሮ የግል ማኅደር ይኖረው ነበር። እሱ ግን ስንቁን ከእናቱ ጓዳ፣ ጥይቱን ከጠላት የወሰደ ሰው ነው። ማን ይመዝግበው?

በዚህ መሀል ነው እማሆይን ያስታወስኳቸው።

እማሆይ የአያቴ የመጨረሻ እህት ናቸው። ዘጠና አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአማኑኤል ወደ ደምበጫ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ሜዳይዋን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ሳያዩ አወቋት። "የወንድማለም" አሉ። እኔም የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ጥቂት ቆዩና "ሽሬ ነው የሚጀመረው" አሉኝ።

እኔ የሽሬውን ጭራሽ አላውቅም ነበር። በ1928 ራስ እምሩ የጎጃም ገዥ ነበሩ፤ የጎጃምን ጦር ይዘው በጎንደር በኩል እስከ ሽሬ ዘመቱ። አያቴ ያን ጊዜ ጢሙ ያላቀነቀነ ልጅ ነው፤ የሰው ስንቅ ተሸክሞ ተከተለ። ጦሩ ደምበጊና ላይ የጣልያንን ታንክ ሳይቀር ማርኳል። ነገር ግን ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ራስ እምሩ ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ ተከዜ ላይ ከአውሮፕላን የማይፈነዳ በርሜል ወረደባቸው። በርሜሉ መሬት ሲነካ ይሰበርና ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይረጫል። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይላጥ ጀመር። እማሆይ ይህን ሲነግሩኝ የግራ ክንዳቸውን ከክርናቸው በታች በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር። "እዚህ ላይ" አሉ፣ "ቆዳው እንደ ተጠበሰ እንጀራ ነበር። ፀጉር አይበቅልበትም።"

እንግዲህ አባቴ አባቱን ሲያስታውስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል። "በሐሩሩም ቢሆን እጀ ሙሉ ነበር የሚለብሰው።" ሰውየው ጭምት ስለሆነ ይመስለን ነበር።

የእኛ ቤት መዝገብ ለካ ክንዱ ላይ ኖሯል። ሳናነበው ተቀበረ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ጦሩ ከሽሬ ተበትኖ ሲመለስ ጎጃምም ራሷ ታምሳ ነበር የጠበቀችው፤ ደጃዝማች ገሠሠ በለው በራስ እምሩ ላይ ሸፍተው ነበር። ጣልያን በዚያው ዓመት ደብረ ማርቆስ ገባ። ወንድሜ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም፣ አሉ እማሆይ። አባታቸው ሞተዋል፤ በሬ የለም። ደምበጫ ጣልያን ምሽግ ሠርቶ ሰው ይቀጥራል። "ገባ" አሉኝ።

እኔም "ባንዳ ነበር ማለት ነው?" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ባንዳ ነበር አትበይ" አሉ። "ባንዳ ቤት ነበር በይ።"

ይህን ቃል ዛሬም ድረስ እያላመጥኩት ነው። ባንዳ እኛ አገር ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ዘሩን ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚሰደብበት ነው። እኔም ከመንደሩ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ አፍሬ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜዳይዋን ቦርሳዬ ውስጥ ሳገኛት ማየት አልፈለግሁም። ክንዱን ያቃጠለውን ሰው ደሞዝ እንዴት ይቀበላል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ቸኩያለሁ ብል ውሸት ነው። አሁንም አልመለስኩትም። ግን በ1929 አንድ የሃያ ዓመት ልጅ፣ እናቱና የስምንት ዓመት እኅቱ የሚበሉት አጥተው ቤት ሲቀመጡ ምን እንዳሰበ እኔ በሞላ ሌማት አጠገብ ተቀምጬ ልፈርድበት አልችልም።

ደግሞ ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ጎጃም በሰፊው የተነሣው በ1930 ነው። ጣልያን መሣሪያ አስረክቡ ማለት ሲጀምር፣ የአገር ትልልቅ ሰዎችም ሲገደሉ፣ ሕዝቡ ነቅሎ ሸፈተ። አያቴም የወጣው ያኔ ነው። እማሆይ ሌሊቱን ያስታውሱታል። ውሻው አልጮኸም፤ እሱ መሆኑን አውቆታል። ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፤ የጣልያኑን ምንሽር ጭኑ ላይ አጋድሞታል። እናታቸው ጭብጦ ጋግረው በአቁማዳ ሞሉለት። ጎህ ሳይቀድ ሄደ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከ 1933 ድረስ ቁጠሩት። ሦስት ዓመት።

ሜዳይዋ አልዋሸችም። የሰጠውም መንግሥት፣ የተቀበለውም ሰው ልኩን ያውቁ ነበር። አምስት ያደረግነው እኛ ነን፣ ልጆቹ።

ልሰናበት ስል እማሆይ "ሙሾውን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። አዎ፣ እኛ ቤት ያልሸመደደው የለም። ለቅሶው ላይ የተባለ ነው።

ሳይሰናበት ሚስቱን ከልጁ፣
ምንሽሩን ይዞ ወጣ ከደጁ።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያኔ ምን ሚስት ነበረው?" አሉ። እውነት ነው። አያቴ ያገባው ከድል በኋላ ነው፤ አባቴ የተወለደው በ1938። ይህን ቁጥር ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ከግጥሙ ጋር አስተያይተነው አናውቅም። ከዚያ እማሆይ፣ ለቅሶው ቀን አልቃሿ ያለችውን በዚያች በቀጠነች ድምፃቸው አወረዱት።

የፈረንጁ ብር ሳለ በእጁ፣
ምንሽሩን ይዞ ወጣ ከደጁ።

ደጁ የማን ደጅ እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ የአያቴ የራሱ ደጅ ይመስለኝ ነበር። የፈረንጁ ደጅ ኖሯል። አልቃሿ ምንም አልደበቀችም። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አብረውት የዘመቱት ጋቢያቸውን አጣፍተው በቆሙበት፣ ሁለቱንም በአንድ ቤት ግጥም ውስጥ አስቀመጠችው፤ ብሩንም፣ መውጣቱንም። አንድም ሰው ዝም በይ አላላትም። የመጀመሪያውን ስንኝ የለወጥነው በኋላ፣ ቤት ውስጥ ነው። ማን እንደለወጠው መጠየቅ አልፈለግሁም።

ትናንት ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ለመንገር ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደም ግፊት አለበት፤ ይህን ሰው ምን ላድርገው እያልኩ ነበር። ከእራት በኋላ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ከሽሬ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኩት። ክንዱ ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ደምበጫ ላይ ስደርስ ምንም አላለም። ሙሾውን ነገርኩትና ዝም አልኩ።

ተነሥቶ ሜዳይዋን አመጣ። መነጽሩን አደረገ። ጥብጣቡን ወደ መብራቱ አዙሮ፣ ከዘንባባዎቹ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጥፍሩ ቀስ እያለ ዳሰሰው፤ ከላይም ከሥርም። ብዙ ቆየ።

"አልወደቁም ለካ" አለ።

"አዎ አባዬ።"

"ስንት ዓመት ፈለግኋቸው።" መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "እስቲ ድገሚልኝ፤ እማሆይ ያሉሽን።"

ደገምኩለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እሱም አብሮኝ አለው።