የአምኸርስቷ በረኛ፦ ስለ ብሪያና ስከሪ ሕይወትና ሙያ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ አሰልጣኞች፣ እዚህ ፊት ለፊት ጓንታችሁን ሳታወልቁ የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዘንድሮውን የልጆቻችንን የውድድር ወቅት ስንከፍት ስለ ግብ ጠባቂነት እንድናገር አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ማን እንደምናገር ለመወሰን ብዙ አላመነታሁም። የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረችው ብሪያና ስከሪ የመጨረሻዋን የክለብ ማሊያ የለበሰችው እኛ በምንኖርበት በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዋሽንግተን ፍሪደም ቡድን ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ስሟን የሚያውቅ ካለ የሚያውቃት በአንዲት ኳስ ብቻ ነው። ወደዚያች ኳስ እደርሳለሁ፤ ከእሷ በፊትና በኋላ ስለሆነው ግን የበለጠ ጊዜ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ሰፈር ውስጥ ኳስ ያባረረ ሁሉ እንደሚያውቀው በእኛ ዘንድ በረኛ የሚሆነው ወይ ትንሹ ልጅ ነው፣ ወይ ኳስ አይችልም የተባለው ነው። ስከሪም ወደ ግቡ የገባችው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ምክንያት ነበር። በልጅነቷ ከወንዶች ጋር ትጫወት ስለነበር አሰልጣኟ ሴት ልጅ እንዳትጎዳ ብሎ፣ ከሜዳው ሁሉ አደጋ የማይደርስበት ቦታ መስሎት፣ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አቆማት። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ስከሪ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 በሚኒያፖሊስ ሲሆን ያደገችው ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ዴይተን ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በጾታ ልዩነት እንዳያደርጉ የሚከለክለው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ በሰኔ 1972 ሲፈረም የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበረች። ሕጉና እሷ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቡድን ማቋቋምና ለሴት ስፖርተኞች የነጻ ትምህርት ዕድል መስጠት ባይጀምሩ ኖሮ፣ በ1990 ወደ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሚወስዳት መንገድ ባልኖረም ነበር።

አምኸርስት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የበረኛዋ እጅ የተፈታው እዚያ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በ65 ጨዋታዎች በቋሚነት ተሰልፋ በ37ቱ መረቧን ሳታስደፍር ወጥታለች። በአማካይ ሲሰላ የገባባት በአንድ ጨዋታ 0.56 ግብ፣ ማለትም በሁለት ጨዋታ አንድ ገደማ ነው። በ1993 ቡድኑ እስከ ሀገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዞ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሴቶች የፕሮፌሽናል ሊግ አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተጀመረው በ2001 ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ተጫዋቾች ኮሌጅ ሲያልቅ ኳስም ያልቅ ነበር፤ ፖለቲካል ሳይንስ ያጠናችው ስከሪም ቀጥላ ሕግ ለመማር አስባ ነበር። ዕጣዋን የለወጠው ያ የተሸነፈችበት ግማሽ ፍጻሜ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰሜን ካሮላይናው አሰልጣኝ አንሰን ዶራንስ ያኔ የብሔራዊ ቡድኑም አሰልጣኝ ነበርና፣ ከተቃራኒው ወገን ቆሞ ሲያያት ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ብሔራዊ ቡድን ተጠራች፤ በመጋቢት 1994 ከፖርቹጋል ጋር በተደረገው ጨዋታ የመጀመሪያ ማሊያዋን ለበሰች።

በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። ያን ጊዜ ወርቁን ካገኘን ብላ የተሳለችውን ስለትና እንዴት እንዳደረሰችው ልጆች ባሉበት አልናገርም፤ ወላጆች ቤታችሁ ገብታችሁ ፈልጉት።

አሁን ወደዚያች ኳስ ልምጣ። ቀኑ ሐምሌ 10 ቀን 1999፣ ቦታው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሮዝ ቦል ስታዲየም፣ ተመልካቹ 90,185 ሕዝብ ነበር። የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ከቻይና ጋር 120 ደቂቃ ያለ ግብ አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት አመራ። ለቻይና ሦስተኛዋ መቺ ሊዩ ዪንግ ነበረች። ስከሪ በኋላ እንደተናገረችው፣ ወደ ኳሱ የሚመጣን መቺ የማየት ልማድ አልነበራትም፤ የዚያን ዕለት ግን ሊዩ ዪንግ ከመሀል ሜዳ ስትመጣ ቀና ብላ አየቻት፤ አካሄዷንም አይታ ይህቺኛዋን እይዛለሁ አለች። ኳሱ ተመታ፤ ስከሪ ወደ ግራዋ ተወርውራ በሁለት እጇ መለሰችው። የቀሩት የአሜሪካ መቺዎች ሁሉ አስቆጠሩ፤ የመጨረሻዋን ብራንዲ ቻስቴን መረብ ላይ አሳረፈችና ጨዋታው 5 ለ 4 አለቀ። በማግስቱ ጋዜጣውን የሞላው የቻስቴን ፎቶግራፍ ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። በዚያን ጊዜ ሕግ በረኛ በመስመሩ ላይ ወደ ጎን መንቀሳቀስ ይችላል እንጂ ኳሱ ሳይመታ ወደ ፊት መውጣት አይፈቀድለትም ነበር። ስከሪ ወጥታለች፤ ምስሉን ያየ ሁሉ ያውቃል። ዳኛዋ አላስደገመቻትም። ልጆች ሲጠይቁኝ፣ ጥፋት ነው፣ ግን የመለሳት እግሯ ሳይሆን እጇ ነው እላቸዋለሁ። ይህን መልስ ሁሉም አሰልጣኝ እንደማይቀበለው አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወጣ ገባ ነው። በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ቦታዋን ለሲሪ ሙሊኒክስ ለቅቃ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በ2004 አቴንስ ላይ ተመልሳ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች፤ በ2007 አሰልጣኝ ግሬግ ራያን ዋናዋን በረኛ ሆፕ ሶሎን አስቀምጦ በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ሲያሰልፋት ብራዚል 4 ለ 0 አሸነፈች። በረኛ ሆኖ ያልቆመ ሰው አንድ ግማሽ ፍጻሜ ለአንድ ሰው ምን ያህል ረጅም ሊሆን እንደሚችል አያውቅም።

በሚያዝያ 25 ቀን 2010 ዝቅ ብሎ የመጣ ኳስ ለመያዝ ስታጎነብስ የአጥቂዋ ጉልበት በቀኝ በኩል ከጆሮና ከዓይን መካከል ያለውን የራስ ጎን መታት። ወዲያው አልተቀየረችም፤ የመጀመሪያው አጋማሽ እስኪያልቅ ተጫወተች። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ጨዋታ የሚባል ነገር አልተጫወተችም። ራስ ምታቱ ከጭንቅላቷ ጀርባ ካለ ነርቭ ይነሳ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ያህል አልለቀቃትም። ብርሃን ያስቸግራት፣ ሐሳቧ ይበታተንባት፣ ሥራ መሥራት ያቅታት ነበር። የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቿን በ18,000 ዶላር መያዣ አደረገች፤ ሕይወቷን ለማጥፋት እስከማሰብም ደረሰች። በጥቅምት 2013 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሕመሙ ቀለለ፤ ሜዳሊያዎቹም ወደ እጇ ተመለሱ። በመጋቢት 2014 ስለ ጭንቅላት መናወጥ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ የምስክርነት ቃሏን ሰጠች። በ2017 ወደ ብሔራዊ የእግር ኳስ የክብር መዝገብ ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት፣ የመጀመሪያዋም ሴት ግብ ጠባቂ ነበረች።

በመጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አንሱልኝ። ያ አሰልጣኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኛም የምናስበውን ነው ያሰበው። እኔ ራሴ በ17 ዓመቴ ቋሚው ራሴን መትቶኝ፣ ፊቴን በውሃ አጥበው መልሰውኝ፣ የዚያን ዕለት ውጤት እስከ ዛሬ አላስታውስም። ልጄ ጎበዝ ነው፣ አያለቅስም የሚል አባት ሁሉ ይህን ቢያስብልኝ እወዳለሁ፤ የተናወጠ ጭንቅላት እንደ ተሰበረ እጅ አያብጥም፣ አይደማም። ምልክቱ ልጁ የተመታበትን ደቂቃ መርሳቱ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቁ፣ ማስመለሱ፣ ብርሃን መጥላቱ፣ አለወትሮው መነጫነጩ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ዓመቱ አሥርና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ኳስ በጭንቅላቱ እንዳይመታ የከለከለው በከንቱ አይደለም፤ በረኞችን ግን የሚያሰጋቸው ከኳሱ ይልቅ ጉልበትና ቋሚ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ከእኔ ጋር የሚሠለጥኑ በረኞች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኳስ አይዙም፤ አወዳደቅ ይማራሉ። ራሱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ዋንጫም ቢሆን፣ ልጁም ቢለምን፣ እናንተም ብትቆጡኝ። ሐኪም ካላየው በማግስቱም አይመጣም። ምልክቶቹን የሚዘረዝረውን ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅተነዋል፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ሳታነቡ እንዳትፈርሙ፤ አያቶችም ልጆቹን ከሜዳ የሚያመላልሱ ከሆነ አንድ ቅጂ ውሰዱላቸው።

አመሰግናለሁ።